ወደ አርጆ የሚሄድ መኪና

ጥር 18 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ልጽፈው ያሰብሁትን ነገር ለመጻፍ አፍራለሁ። ደብተሩን ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ እርሳሱን ሁለት ጊዜ ቀረጽሁ። እህቴ ዓባይነሽ ልታገባ ነው። ደስ ብሎኛል። ደግሞም ቀንቻለሁ መሰለኝ።

ባሏን ተመኝቼ አይደለም። ነመራ አርጆ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ደግ ሰው ነው ይላሉ፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ለእኔ ምኔም አይደለም። የቀናሁት በልብሷም አይደለም። በምን እንደሆነ ሳውቅ እጽፈዋለሁ።

ዓባይነሽ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ በቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናት ታስተምራለች። እኔ ስድስተኛ ላይ እያለሁ እናታችን አዮ ስለታመመች ቤት ቀረሁ። ማንም ቅሪ አላለኝም፤ ማንም ሂጂም አላለኝም። ቤት የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ መጻፍ የተማርሁት ግን በአማርኛ ስለሆነ በእሱ እጽፋለሁ። አንዳንዴ የሚሰማኝ በአንዱ፣ የምጽፈው በሌላው ይሆንና መሀል ላይ ቃሉ ይጠፋል።

ሰርጉ የካቲት 17 እሑድ ነው፤ የቅበላው ቀን። እኛ ጴንጤዎቹ ባንጾምም የአባታችን የኣባ ወዳጆች ግማሾቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በማግስቱ ሁዳዴ ይገባልና ከዚያ ወዲያ ማን ሥጋ ይበላል? ታዲያ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከበከኒሳ ቀሴ እስከ ባኬ ጃማ ያለ የነቀምቴ ሰርግ ሁሉ በዚያች እሑድ ነው።

የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው። ዛሬ «ከእንግዲህ አልጋው ይሰፋሻል» ብላኝ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ጓዳ ሆኜ ባቄላ ስለቅም ኣባና አዮ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ነገሩ የመኪና ነው።

የአርጆ ሰዎች ሙሽራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከባሏ ቤት መግባት አለባት ይላሉ፤ የነመራ እናት በዚህ አይደራደሩም። ቤተ ክርስቲያን የሚያልቀው እኩለ ቀን ነው። በበቅሎ ከሆነ የሚደረሰው በማግስቱ ነው። መኪና ማምጣት ደግሞ የሙሽራው ወገን ፈንታ ነው፤ ግን አርጆ ላይ መኪና የለም፣ ነመራም በሽተኛ ጥሎ መምጣት አይችልም። ገንዘብ በቡና ነጋዴ እጅ ልኮ «እዚያው ነቀምቴ ፈልጉልኝ» አለ።

«እኔ አልሄድም» አለ ኣባ። «የሙሽራ አባት መኪና ሲዋዋል ከታየ፣ ጨመዳ ልጁን ጭኖ አባረራት ነው የሚሉት። አንቺም እንዲሁ።»

«ወንድምህ አዱኛ ይሂድ።»

«አዱኛ? አዱኛ ከሄደማ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ አርጆ ይገባል።»

ከዚያ ኣባ የእኔን ስም ጠርቶ፣ «ድርቤ ትሂድ። የነመራ መልእክተኛ ናት እንላለን። አትናገርም፣ ሰውም ልብ አይላትም» አለ።

አዮ ሳቀች። «የማትናገር ልጅ መኪና ትከራያለች?»

«ዋጋ ጠይቃ ትመለሳለች እንጂ ስብከት ልትሰብክ ነው እንዴ?»

ሰውም ልብ አይላትም። ባቄላውን ለቅሜ ስጨርስ የተለቀመውን ካልተለቀመው ጋር ደባለቅሁት። እንደገና ለቀምሁ።

ጥር 23፣ ሐሙስ

ጨለለቂ ወደ አባባ ተረፈ ሱቅ ሄድሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። ቮልስ አላቸው፤ ራሳቸው ናቸው የሚነዷት።

ስገባ ሰው ነበር። ጨው ገዛሁ። ሰውየው ሲወጣ ሌላ ሰው ገባ። ክብሪት ገዛሁ። ሦስተኛው ሲገባ አባባ ተረፈ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሱቁን በሙሉ በችርቻሮ ልትጨርሺው ነው? የመጣሽበትን ንገሪኝ» አሉ።

«መኪና» አልሁ።

«በስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?»

የነበሩት ሳቁ። ፊቴ ጋለ። እሳቸው ግን ደግ ናቸው፤ ሰዎቹን ሸኝተው ሰሙኝ። ቮልሷ ለሞተር ጥገና አዲስ አበባ ናት፤ የካቲት ሲገባ ትመጣለች። ዋጋው ነመራ ከላከው አይዘልም። «ግን አራት ሰው ነው» አሉ። «ከእኔ ሌላ አራት። አምስተኛ ዶሮ እንኳ ከተጨመረ ዳገቱን አትወጣም። ለነመራ እንዲህ በይው።»

ለኣባ ነገርሁት። «ጎበዝ» አለኝ። ጎበዝ ካለኝ ስንት ጊዜው ነው።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

አራቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ዛሬ ተቆረጠ። ነመራ፣ ዓባይነሽ፣ ሚዜው ባቻ፤ አራተኛዋ ወርቂቱ።

ወርቂቱ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፤ የዓባይነሽ ጓደኛ። በመዘምራን መሀል ቆማ ብቻዋን የምትዘምረው እሷ ናት። ባለተረከዝ ጫማ አላት፣ ሰው ፊት ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ሙሽራ ባዕድ አገር ብቻዋን ስለማትገባ አንዲት ሴት ሦስት ሌሊት አብራት ታድራለች። እኔ እሆናለሁ ብዬ ነበር። ማንም አልነገረኝም እንጂ እኔ ነበርሁ።

«ድርቤ ከአዮ ጋር በምላሹ ጊዜ ትመጣለች» አለች ዓባይነሽ። ስትለው ፀጉሬን ትነካካ ነበር።

ውሃ ልቀዳ ስወጣ ወርቂቱ ከደጅ ለአንዲት ሴት እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «ድርቤ? ደግ ልጅ ናት። ግን እንደ ሻንጣ ናት፤ ቦታ ትይዛለች እንጂ አትዘፍንም።»

አልሰማሁም መሰላት። እኔ ሁሉን እሰማለሁ።

ጥር 26፣ እሑድ

ሻንጣ።

ጥር 29፣ ረቡዕ

ኣባ «ሌላም ሰው ጠይቂ፣ በአንድ ላይ አትንጠልጠዪ» ስላለ ባኬ ጃማ ወደ አቶ ገብረክርስቶስ ቤት ሄድሁ። የቡና ነጋዴ ናቸው፣ የሸዋ ሰው። ላንድሮቨራቸው ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ዋጋሪ ያጥበዋል።

«ስንት ሰው ይይዛል?» አልሁት። ይህን ለመጠየቅ አልላኩኝም።

«ፊት ሁለት፣ ኋላ ስድስት። ብትጠጋጉ ሰባት። ግባና እይ።» ቀና ብሎ ሴት መሆኔን አይቶ «ግቢ» አለና ሳቀ።

ገባሁ። መኪና ውስጥ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። የቡናና የናፍጣ ሽታ አለው። በመስኮቱ ስመለከት ግቢው ያው ግቢ ነው፤ ግን ሌላ ሰው የሚያየው መሰለኝ።

ዋጋው ነመራ የላከው እጥፍ ነው። ኣባ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ተረፈን እንጠብቅ» አለ። ለጣሪያው ቆርቆሮ ያጠራቀመው ገንዘብ አለው፤ እሱን ካልነካ በቀር አይሞላም። በክረምት የሚያፈስሰው ደግሞ የእኔና የዓባይነሽ አልጋ ያለበት በኩል ነው።

ያው ከእንግዲህ የእኔ ብቻ ነው።

የካቲት 3፣ እሑድ

ወርቂቱ ዛሬ በሰማያዊ ቀሚስ ዘመረች። አንገቷን ወደ ጎን ታዘነብላለች። ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሟታል። እኔ አልጨፈንሁም። ዓባይነሽ ከጎኔ ተቀምጣ «እንዴት ያለ ድምፅ ነው» አለች። ለእኔ መንገሯ ነው? ጸሎቱ ሲደረግ የጸለይሁት ጸሎት አልነበረም።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፊቴ ሄዱ። ልጆች ሳለን ዓባይነሽ እጅ የምትይዘው የእኔን ነበር፤ ወንዙ እንዳይወስደኝ።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

በችኰላ። ቮልሷ መጥታለች። በሱቁ ደጅ ቆማ አየኋት። አባባ ተረፈ ጠርተውኝ፣ «የሲሬ ሰርገኞች ለዚያው ቀን ጠይቀውኛል። ቀድማችሁ የመጣችሁ እናንተ ናችሁ። ነገ እስኪመሽ ቀብድ አምጪ፤ ካልመጣሽ ለእነሱ እሰጣለሁ። ሰማሽ ልጄ?» አሉኝ።

ሰማሁ።

ማክሰኞ፣ ማታ

ቤት ስደርስ ኣባ በር እየላገ ነበር። አናጢ ነው፤ ሲሠራ ቀና አይልም። «ተረፈ ምን አለ?» አለኝ።

አፌን ከፈትሁ። ልናገር ነበር። የማየው ቮልሷን ነበር፤ ውስጧ ሰማያዊ ቀሚስ። አንድ ቃል አልወጣኝም። ኣባ ቀና ብሎ አየኝ። «አልመጣችም እንዴ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እንዴት እንደነቀነቅሁት እኔም አላውቅም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይሁን ወደ ጎን። እሱ ግን አልመጣችም ማለቴ መሰለው። «እሺ» ብሎ ወደ መላጊያው ተመለሰ።

አልዋሸሁም። አንድም ቃል አልተናገርሁም።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ኣባ ጠዋት ደግሞ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም። ቀኑን ሙሉ እዚያው አጠገቡ ነበርሁ፤ ብናኝ ጠረግሁ፣ ውሃ ሰጠሁት። አልጠየቀኝም።

መሸ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ኣባ ከቆርቆሮው ገንዘብ አውጥቶ የላንድሮቨሩን ቀብድ ሰጠኝ። በመሐረብ ቋጥሮ፣ «ቆርቆሮ ለሚቀጥለው ዓመትም ይደርሳል። ልጅ ግን አንዴ ነው የምትሄድ» አለ። አዮ ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች።

አቶ ገብረክርስቶስ አልነበሩም። ቀብዱን ሚስታቸው እትዬ ሐረግወይን ተቀበሉኝ። «አንቺ ነሽ እንዴ የምትዋዋይ? አፍሽ ውስጥ ምላስ አለ?» አሉ። አለ አልሁ። በልቤ ነው እንጂ አላልሁም።

ስመለስ ዓባይነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እንግዲህ ቦታ አለ! አንቺም ትሄጃለሽ!» ብላ አቀፈችኝ። «ከእኔ አጠገብ ትቀመጫለሽ፤ መኪና ያዞርሻል፣ እይዝሻለሁ።»

አቀፍኋት። ቀሚሷ የጠመኔ ሽታ አለው፣ ከልጆቹ ጥቁር ሰሌዳ። ደስ ብሎኛል። ይህንን ያህል ቀላል ከሆነ ኃጢአት ሊሆን አይችልም ብዬ አሰብሁ። ካሰብሁ በኋላ ደግሞ ለምን እንዳሰብሁት ገረመኝ።

የካቲት 10፣ እሑድ

ወርቂቱ መጥታ ትከሻዬን መታ አድርጋ፣ «አብረን ነን አሉ! መንገዱን ሁሉ እየዘፈንን!» አለች። ዓባይነሽ በመሀል ሆና በአንድ እጇ እሷን፣ በአንድ እጇ እኔን ያዘች። እኔ ያሰብሁት ሁለታችንን ብቻ ነበር። ለካ ላንድሮቨርም ቢሆን ለሦስት ይጠባል።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

ዋጋሪ ዛሬ ቤታችን መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር። መሐረቡን ለኣባ ሰጠው፤ ቋጠሮው ያው የኣባ ቋጠሮ ነው፣ አልተፈታም።

«ኦቦ ጨመዳ፣ ጌታዬ ይቅርታ ብለዋል። አንድ ትልቅ ሰው ለልጁ ሰርግ መኪናውን ፈለገ። እምቢ የሚሉት ሰው አይደለም።»

ኣባ «እኔንስ?» አለው።

ዋጋሪ ኮፍያውን አዟዟረ። «እርስዎማ ደግ ሰው ነዎት» አለ።

ኣባ መሐረቡን በኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «ወደ ተረፈ ሩጪ። ምናልባት መጥታ ይሆናል» አለኝ።

ሮጥሁ። መልሱን እያወቅሁ ሮጥሁ። አባባ ተረፈ ሲያዩኝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያለፈውን ረቡዕ ሙሉ ስጠብቅሽ ዋልሁ፤ ሱቅ ሳልዘጋ አመሸሁ። ምን ነካሽ ልጄ? ለሲሬዎቹ ሰጠሁ እኮ።»

ስመለስ ለኣባ «ለሌላ ሰጥተዋል» አልሁት። ይህ እውነት ነው።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

አልተበላም። አዮ ለድግሱ ያዘጋጀችውን እያየች ቆማ ትቀራለች። የቡና የጭነት መኪና አለ፤ እሑድ አይሄድም። ቢሄድም ኣባ «ልጄን በጆንያ ላይ?» አለ። በበቅሎ ከሆነ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ሁዳዴ ነው። የነመራ ቤተሰብ በሬ ገዝተው እሑድ ማታ ሰው ጠርተዋል፤ ያ ሁሉ ሥጋ ማን ይበላዋል? ሙሽራዋ የሌለችበት ሰርግ በአርጆ ስንት ዘመን ይወራል?

ዓባይነሽ፣ «በጆንያም እሄዳለሁ፣ ምን አለበት፣ ሰው አይደለሁም እንዴ» አለችና ሳቀች። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ጓዳ ገብታ ለረጅም ጊዜ ወጥታ አልመጣችም። በበሩ ቀዳዳ አየኋት። አልጋችን ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። እጆቿን ጭኗ ላይ እንዲሁ ዘርግታ፣ የሰው ዕቃ ይመስል።

ገብቼ ልነግራት ፈለግሁ። መጀመሪያ ላይ ምን እንደምል አሰብሁ። ሳስብ አዮ ጠራችኝ።

በምን እንደቀናሁ አሁን ትንሽ ትንሽ ይገባኛል። ግን አልጽፈውም።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ወርቂቱ ጠዋት መጥታ በእጄ ያዘችኝና ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደችኝ። ጫማዋ ጭቃ ነበር።

«ከአባባ ተረፈ ጋር ነበርሁ» አለች። «ማክሰኞ ዕለት ምን እንዳሉሽ ነገሩኝ።»

የጫማዋን ጭቃ አየሁ።

«ተናገሪ እንጂ! ለምን?»

አየችኝ። እንደዚያ ትኩር ብላ አይታኝ አታውቅም፤ ከቀሚሴ እስከ ፀጉሬ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «በእኔ ምክንያት ነው? አራተኛዋ እኔ ስለሆንሁ?» መልስ አልጠበቀችም። «ድርቤ፣ ብትነግሪኝ እኮ እተውልሽ ነበር። እኔ ምን ቸገረኝ?»

ይህ ነው ያቃጠለኝ። ልትሰድበኝ ይገባ ነበር። እኔ ሌሊት የምመኘውን፣ ይህን ሁሉ ጥፋት ያጠፋሁበትን፣ እሷ እንደ ትርፍ ሻሽ ልትወረውርልኝ ትችል ነበር። ደግ መሆኗ ከድምፅዋ ይብሳል።

«ለአባትሽ አልነግርም» አለች። «አሁን ነይ፤ አንድ መላ አለ።»

ገብታ ለኣባና ለአዮ እንዲህ አለች። የሲሬዎቹ ሙሽራ ከዚሁ ከጨለለቂ ናት፤ ጎሕ ሲቀድ ይዘዋት ይሄዳሉ፣ ሲሬ ጠዋት ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ቮልሷ ነፃ ናት። ወዲያው ብትመለስ ለእኛ እኩለ ቀን ላይ ትደርሳለች፤ አርጆ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትገባለች።

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» አለ ኣባ።

«ችግሩማ ሲሬዎች ናቸው» አለች ወርቂቱ። «ሰርግ ቤት የገባ ሾፌር ሳይበላ ይወጣል? ብላ ይሉታል፣ ጠጣ ይሉታል፣ ቁርጥ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። ቢነሳ ሰደበን ይላሉ። አባባ ተረፈ ራሳቸው ነው ያሉኝ፦ ‹እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ቁልፉን ከኪሴ ይወስዱታል። ከገበታው ጎትቶ የሚያስነሳኝ የሙሽራ ዘመድ አብሮኝ ካለ ብቻ ነው የምችለው። በእሱ ማንም አይቀየምም።› ሲሬዎቹም ሙሽራዋን ጨምሮ ሦስት ናቸው፤ አንድ ቦታ አለ።»

«ሰው ፊት ቆሞ ሽማግሌ ከገበታ የሚያስነሳ ማን ነው?» አለች አዮ። «ኣባቷ አይሆን። አዱኛ ራሱ ከገበታው አይነሳም።»

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ወርቂቱ። «በቤተ ክርስቲያን ሌሎቹ ይዘምራሉ።»

አየኋት። ትችላለች። ሲሬ ገብታ እየሳቀች፣ ጥርሷ እየታየ፣ ሁለት ቃል ትናገራለች፣ ታስቃቸዋለች፣ የአባባን እጅ ይዛ ታስነሳቸዋለች። ከዚያ በቮልሷ መጥታ በሠርገኛው መሀል ትወርዳለች፤ ዓባይነሽ ታቅፋታለች። ዕድሜ ልኳን «ሰርጌን ያዳነችልኝ ወርቂቱ» ትላለች።

«እኔ ነኝ የምሄድ» አልሁ።

ኣባ ማን እንደተናገረ ለማየት ይመስል ዞረ።

«አንቺ?» አለች አዮ። «የእህትሽ ሰርግ እኮ ነው! ቤተ ክርስቲያኑ ያመልጥሻል። ብቻሽን?»

«አባባ ተረፈ አብረውኝ አሉ።»

«እዚያ ምን ትያለሽ?»

«የምለውን እላለሁ።»

ኣባ፣ «ሽማግሌው እንደ ልጅ ልጁ ነው የሚያያት፤ ይሁን» አለ። የወርቂቱ ዓይን እኔ ላይ ነበር፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም።

ከደግነት ይሁን ከቅናት እኔም አላውቅም። በልቤ ስመረምረው ሁለቱ አንድ መሐረብ ውስጥ የተቋጠሩ ናቸው።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

ነመራና ሚዜው ባቻ ከሰዓት በኋላ በበቅሎ ደረሱ፣ አቧራ ለብሰው። ነመራ ገና ሳይቀመጥ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ይህን ሁሉ ቀን ለእኔ ስትለፊ የከረምሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ገላቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ፣ እህቴ» አለ፤ አፉን በእጁ ሳይሸፍን። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። «ምንም አይደል» አልሁት። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ሁለት ቀን ነው እንዲህ የምናገረው፤ ሰው ይለምደዋል መሰለኝ።

መጥላት የፈለግሁት እህቴን የሚወስድብኝን እሱን ነበር መሰለኝ። አልቻልሁም፣ ሩቅ ነበር፤ ወርቂቱ ቅርብ ነበረች።

አሁን ገና መሽቷል። ዓባይነሽ ፀጉሯን ተሠርታ ጨርሳ፣ «ነይ የአንቺን ልሥራልሽ» አለችኝ። በጉልበቶቿ መሀል መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ለረጅም ጊዜ ማበጠሪያው ብቻ ይሰማ ነበር።

«ቮልሷ ቶሎ ተገኝታ ቢሆን አንቺ አትሄጂም ነበር» አለች።

ወርቂቱ ነግራት ይሁን ራሷ ገብቷት፣ እንዲያው ያለችው ይሁን፣ አላውቅም። ፊቷ አይታየኝም። ዝም አልሁ። የእኔን ዝምታ ደግሞ ከዚህ ቤት የምታውቀው እሷ ናት፤ የትኛው የእፍረት፣ የትኛው የቁጣ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ።

ማበጠሪያዋ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ጉንጉኑን ስትጨርስ ጭንቅላቴ ላይ እጇን አሳርፋ፣ «ሳላይሽ አልሳፈርም» አለች። «ፀሐይዋ ትጥለቅ። የነመራ እናት ይቆጡ። አንቺ ሳትመጪ ከዚህ ደጅ አልወጣም። ይህንን እያሰብሽ ሂጂ፣ ሲሬዎች ሲለምኑሽ።»

ደብተሩን የያዝሁት ለዚህ ነው። ነገ የማደርገውን ልጽፍና ልተኛ።

ዶሮ ሲጮህ እነሳለሁ። አባባ ተረፈ ደጅ ቀድሜ እቆማለሁ። በሲሬዎቹ መሀል፣ የማላውቃት ሙሽራ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ብታለቅስም አላያትም። ሲሬ ስንደርስ ከመኪናው አልወርድም እል ነበር፤ እሱ አይሆንም፣ እወርዳለሁ። ከአባባ ተረፈ ጋር ዳሱ ውስጥ እገባለሁ። አንድ ጉርሻ እንዲጐርሱ እተዋቸዋለሁ፤ ሁለተኛው ሲመጣ በቁሜ፣ በቤታችን ቋንቋ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «እህቴ ሙሽራ ናት፣ ለብሳ ትጠብቃለች፣ አባባ ይነሱልኝ» እላለሁ። ከሳቁ ይሳቁ። ከሰደቡኝ ይስደቡኝ። ቁልፉን እኔው እይዛለሁ።

ለኣባ የምለውንም አስቤአለሁ። መኪናው ወደ አርጆ ከሄደ በኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ መላጊያው አጠገብ ሆኜ ማክሰኞ ቮልሷ መጥታ እንደነበር እነግረዋለሁ። ራሴን ሳልነቀንቅ፣ በአፌ።

እኩለ ቀን ላይ ደርሰን መኪናው ደጃችን ሲቆም እወርዳለሁ። ዓባይነሽን እስማታለሁ። ቦታውን ለወርቂቱ እለቅላታለሁ። በሩን ግን እኔ አልዘጋላትም፤ ራሷ ትዝጋው።